ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ መዝነብ ከጀመረ፣
ማባራት አያውቅም፤ ወንዙም ሞልቶ አደረ።
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በእጄ ማስመሪያ፣
የሰው አፍ እለካለሁ፤ ይህ ሆነልኝ ሙያ።

«ክፈቺ» እላለሁ፣ «እስከሚያምሽ ድረስ»፣
ከላይኛው ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው ጥርስ።
ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር፤ እዚያ ላይ ቆመች፤
ሁለት ጣት አስገብታ ሦስተኛዋን ከለከለች።
ልኬቷን እጽፋለሁ፣ ስም የለም ከዶሴው፤
መጠሪያዋ በወረቀት አርባ ሰባት ነው።

እኔ ግን አውቃታለሁ። ኤርሜሊንዳ ካርካሞ፤
አውቶቡስ የጠበቀ፣ ጣቢያው ላይ ቆሞ፣
ድምጿን አይስተውም፦ «ኦሶርኖ! ላ ኡኒዮን!
ፓንጊፑዪ በስምንት! ፈጠን በሉ፣ ፈጠን!»
ሃያ ሁለት ዓመት ጠራች የሰውን መንገድ፣
እሷ ከዚያች ሳጥን ሳትወጣ፣ ሳትሄድ።

አንድ ጠዋት ታዲያ፣ «ፓንጊ…» ብላ ቀረች፤
መንጋጋዋ ቀጭ አለ፤ ካፏ ላይ ተያዘች።
ከጆሮዋ ፊት ያለች ያች ትንሽ ማጠፊያ፣
እንደ ዛገ መዝጊያ አጣች ማረፊያ።

ዶክተር አንቲሌፍ ናት ጥናቱን ያቀደች፤
መቶ ሃያ ሰዎች ለሁለት ከፈለች።
እሷ እንኳ አይደለችም፣ ዕጣ ነው የከፈለ፤
ማን ወዴት ወደቀ፣ ማን ከማን ጋር ዋለ፣
እኔም አላውቀው፣ እሷም አታውቀው፣
ፖስታው ታሽጎበት ካዝና ውስጥ ነው ያለው።

ግማሹ ሌሊቱን እውነተኛ ሽፋን ነክሶ፣
በጥርሱ ልክ የተሠራ፣ ተሞርዶ፣ ለስልሶ፤
ሌላው የሚያገኘው አምሳያውን ብቻ፣
ቀለሙ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ አቻ ለአቻ፤
ግን ጥርስን ከጥርስ የማይለይ ከቶ፣
ከላንቃ ተለጥፎ የሚያድር ተኝቶ።

በየማታው ደግሞ ትሞላለች ደብተር፦
ሕመምሽ ስንት ነው፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር?
ሣጥኗ ጠባብ ናት፣ ለአንድ ቁጥር የተተወች፤
ኤርሜሊንዳ ግን ከዳር እስከ ዳር ጻፈች።

ስድስት። ልጄ ደወለ፤ ገንዘብ ነው የፈለገው።
ስምንት። አለቃዬ ድምፄን ቀድቶ በማሽን ሊተካው ነው።
ስምንት። አጥንት የሌለው ዓሣ በላሁ፣ እሱም ከበደኝ።
አራት።
አራት። ጣሪያው ላይ ዝናቡን ስሰማ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ባሏ ወንዝ የበላው ያን ዓመት ክረምት፣
«ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» ነበር ያሏት።
ምክሩን ሰማች። ቻለች። ሌሊት ሌሊት ነከሰች፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነክሳ ነክሳ አደረች።

በምሳ ሰዓት ከዓሣ ገበያው ዳር እቆማለሁ፤
የባሕር አንበሶች ሲያዛጉ አያለሁ።
ጉሮሯቸው ድረስ፣ ቀይ፣ ያለ ይሉኝታ፣
ዓሣ ሻጩ አንጀት እስኪወረውር ላፍታ።
ማስመሪያዬ ኪሴ ነው። ልለካም ያምረኛል።
ደብተር የላቸውም።

በሦስተኛው ወር ኤርሜሊንዳ መጣች፦
«ክፈቺ»፤ ከፈተች። አርባ ሁለት ደረሰች።
ሦስተኛዋም ጣት ገባች፤ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ፖስታው ተከፈተ።

በዚህም በዚያም ጎራ ሕመሙ ቀንሷል፤
እውነተኛው ከአምሳያው ምንም አልበለጠም።
ሽፋኑን የሠራው ኩባንያ ደወለ፣
«እስቲ በሌላ ስሌት ይታይ» አለ።
«ቁጥሩ አፍ አለው» አለች፣ «አልዘጋውም እኔ»፤
ልዩነት አልታየም ብላ ስትጽፍ አየሁ በዓይኔ።

አርባ ሰባት የደረሳት አምሳያው ነበር።
ደንብ ነው፤ ነገርኳት።
ከቦርሳዋ አወጣችው፣ በመሐረብ የተጠቀለለውን፤
ገልብጣ አየችው፣
እንደ ሰው ሎሚ።
«ታዲያ ማን ነው ያሻለኝ?»
አላውቅም አልኳት። ዶክተሯም አታውቅም።
ዝም አለች። ቀጥላም፦
«ባዶ ደብተር ተርፎ እንደሆነ፣ አንድ ስጪኝ።»
ሰጠኋት። ይህ በዶሴው አልተመዘገበም።

ዛሬ ማታ በጣቢያው በኩል አለፍኩ፤
«ፓንጊፑዪ!» ሙሉ ሆኖ፣ ሳይሰበር ሰማሁ።
ቤቴ ገብቼ መብራት ሳጠፋ፣
የራሴን ጥርስ አገኘሁት፣ ተነክሶ።
ስንት ነው?
ስድስት አልኩ፣ በጨለማው ውስጥ፣
የሚጽፍልኝ ሰው ሳይኖር።